ትል የበላው ጎመን

ተጠራጣሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናዘዝ፤ ኋላ «ይቺ ሴትዮ ምን ነካት?» እንዳትሉኝ። ወተት ስገዛ ከመደርደሪያው ፊት ያለውን ትቼ ከኋላ ያለውን ነው የማወጣው። ስልክ ጮኾ ሳነሳው ከተዘጋ፣ ማን ይሆን እያልኩ ቀኔ ይበላሻል። ይህን አመል ከአባቴ ከቀኛዝማች እንግዳ ነው ያገኘሁት። ከሞጆ ወዲያ የነበራቸው መሬት በስልሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ሲወረስ ለእኔ የቀረልኝ ውርስ እሱ ብቻ ነው፤ እሱን ደርግም ሊወስድብኝ አልቻለም።

እንግዲህ በፈረንጆቹ 1988 የካቲት ላይ ነው። ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ ከኦሊምፒክ ዝቅ ብሎ በነበረው የእትዬ አምሳለ ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ነበርኩ። አንድ ሐሙስ ጠዋት ከጓሮ በር አንድ ታክሲ መጥቶ ቆመ። ቀጠን ያለ፣ ሠላሳዎቹን የጀመረ ሰው ወረደና ትራንኩን ከፈተ። ውስጡ ጎመን ነበር። ሱፐርማርኬት የሚሸጠው እንደ ካርቶን የሚጠነክረው ሳይሆን ቅጠሉ ሳሳ ያለ የአገር ቤት ጎመን፣ በእቅፍ በእቅፍ ተደርጎ በሲባጎ የታሰረ።

እትዬ አምሳለ አንድ ቅጠል መዝዘው ወደ ብርሃን ከፍ አደረጉት። በቀዳዳው ፓርኪንጉ ቁልጭ ብሎ ታየ።

«ምንድነው ይሄ? ትል የበላው ነው እኮ!»

«ትል ያልደፈረውን ሰው ለምን ይደፍረዋል እትዬ? መድኃኒት አልረጨሁበትም። ፈረንጆቹ ኦርጋኒክ ይሉታል።»

«ኦርጋኒክ ማለት ትል የበላው ማለት ነው?»

«ትሉ ቀምሶ የመሰከረለት ማለት ነው» አለና እኔን አየኝ።

ሳቅሁ። ወዲያው ደግሞ ይህ ሰው ለምን አሳቀኝ ብዬ ጠረጠርኩ።

«ከየት ነው የምታመጣው?» አልኩት ኮስተር ብዬ።

«አለች አንዲት ቦታ» ብሎ ትራንኩን ዘግቶ ሄደ። ስሙ ተስፋሁን መሆኑን እንኳ የነገሩኝ እትዬ አምሳለ ናቸው።

«አለች አንዲት ቦታ» የሚለው ቃል ወጥ ቤታችንን ለአንድ ወር መገበ። ሳህን አጣቢው ጌታሁን «ይሄ ሰውዬ የኤምባሲ ጆሮ ነው፣ ጎመኑ ማሳበቢያ ነው» አለ። እትዬ አምሳለ በበኩላቸው ከመቃብር ቦታ ነው የሚያበቅለው የሚል ወሬ ከቤተ ክርስቲያን ይዘው መጡ። እኔ ደግሞ የራሴ ነገር ነበረኝ፤ ታክሲው ፋንድያ ይሸታል። የፈረስ ፋንድያ። ሎስ አንጀለስ መሐል ታክሲው ፋንድያ የሚሸተው ሰው ምን ቢሠራ ነው?

ነገር ግን ጎመኑ ሲቀቀል ቤቱን ሁሉ የሚያውድ ነበር፤ ደንበኞች ሳህኑን ጠርገው ይጨርሱታል። ሐሙስ ሐሙስ ተስፋሁን እቅፉን ከእጄ ላይ ሲያኖር ትንሽ ይቆያል፤ ዓይኑን ከዓይኔ ላይ ለማንሳት ጊዜ ይወስድበታል። ጥርጣሬዬ በየሳምንቱ እየጨመረ ሄደ፤ ሐሙስም በጣም እየራቀብኝ ሄደ።

አንድ ቀን አንዱን እቅፍ ስፈታ ከመሐሉ የተጣጠፈ ወረቀት ወደቀ።

«ከየት እንደማመጣው ጠይቀሽኝ ነበር። ሎንግ ቢች፣ ከመብራት ምሰሶዎቹ ሥር። ቅዳሜ በአንድ ሰዓት ብትመጪ ትሉንም እኔንም ታያለሽ። ተስፋሁን።» ከሥሩ መንገዱን በእርሳስ ስሎታል።

መጠርጠር ነበረብኝ። ጠረጠርኩም። ሄድኩም።

ቦርሳዬ ውስጥ የሽንኩርት ቢላ ከትቼ፣ ከምኖርበት ከፓልምስ አሮጌ ዳትሰን መኪናዬን ድራይቭ አድርጌ፣ ፎር ኦ ፋይቭ አውራ ጎዳና ላይ እየተጎተትኩ ልክ በአንድ ሰዓት ደረስኩ። ትልልቅ የመብራት ምሰሶዎች በተሰለፉበት ባዶ ሜዳ ላይ፣ ከቅርጫት ኳስ ሜዳ ብዙም የማይበልጥ፣ በሽቦ የታጠረ አረንጓዴ ቁራሽ መሬት አየሁ። ታክሲው አጠገቡ ቆሟል። ተስፋሁን ባልዲ ገልብጦ ተቀምጧል፤ ፊቱ በፀሐይ ቀልቷል። ሲያየኝ ብድግ አለና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለኸው?»

«ካልኩሽ ሰዓት ጀምሮ። ከአንድ ሰዓት።»

«አሁን እኮ ነው ዋን ኦክሎክ!»

«በእኛ አንድ ሰዓት ነው ያልኩሽ። ከሰቨን ጀምሮ ነው ያለሁት።»

«አንተ ታክሲ ነጂ አይደለህም እንዴ? ቀኑን ሙሉ በፈረንጅ ሰዓት አይደል የምትውለው?»

አንገቱን አቀረቀረ። «በአማርኛ ስጽፍ ሰዓቴም አማርኛ ይሆናል» አለ።

ስድስት ሰዓት ሙሉ ጠብቆኛል። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ለታክሲ ዋና የሥራ ጊዜ ነው። ትቀራለች ብሎ አልሄደም፤ ትመጣ ይሆናል ብሎ ባልዲ ላይ ተቀምጧል። እኔ በሕይወቴ ለማንም ስድስት ደቂቃ ሳልጠራጠር ጠብቄ አላውቅም። ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ቢላ አሳፈረኝ፤ አውጥቼ አሳየሁት። ሳቀና «ጥሩ፣ በእሱ ነው የምትቆርጪው» ብሎ የመጀመሪያውን ጎመን አስቆረጠኝ። ወደ ቤቴ ስመለስ መስኮቱን ከፍቼ ብቻዬን እስቅ ነበር።

ታሪኩን ቀስ በቀስ አወጣሁት። «መሬት ላራሹ ብዬ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮኼአለሁ» አለኝ። «ማረስ ግን አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ትራፊክ ላይ ቆሜ ሳስበው አፈርኩ።» ከአንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ቦታዋን ተከራየ። መጀመሪያ ከሱቅ ማዳበሪያ ገዝቶ በእፍኝ በእፍኝ በተነባት። ችግኙ በሳምንቱ ተቃጠለ፤ አሥራ አንድ ብቻ ተረፉ። ሁለተኛ ዘር እስኪመጣ ወራት ስለሚፈጅ፣ አሥራ አንዱን እንደ ሕመምተኛ አስታመማቸው። ከዚያ ወዲህ ከሱቅ የመጣ ነገር አፈሩ ላይ አያደርግም። ኮምፕተን ውስጥ ፈረስ የሚያረቡ ሰዎች አሉ፤ ፋንድያውን ውሰድልን ብለው ይለምኑታል። ታክሲው የሚሸተው ለዚህ ኖሯል!

ዘሩን ከየት እንዳመጣው ሳላውቅ ግን አንድ ሳምንት አኩርፌዋለሁ። ዳሽቦርዱ ላይ «ያንተዋ ካሰች» የሚል፣ በሴት እጅ የተጻፈ ደብዳቤ አየሁ። ሳልጠይቅ ሳልጠየቅ ሰባት ቀን ዘጋሁት። በኋላ ሲገባው ደብዳቤውን አመጣና ዘረጋልኝ። ካሰች አገር ቤት ያለች እህቱ ናት። ከወረቀቱ ሥር፣ በፕላስተር ተለጥፈው፣ ሰናፍጭ የሚያካክሉ ጥቁር የጎመን ፍሬዎች ተሰልፈዋል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር።

እኔም ገበሬ ሆንኩ። የቀኛዝማች ልጅ፣ በሠራተኛ ያደግሁ፣ ትል ሳይ የምጮህ! መጀመሪያ ትሉን በወጥ ቤት መቆንጠጫ እለቅም ነበር፤ በሦስተኛው ቅዳሜ በጣቴ ለቀምኩ። ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጬ በውሃ ዘፍዝፌ ቅጠሉ ላይ መርጨት የእኔ ሥራ ሆነ። አንዲት ዘር አፈሩን ገፍታ ስትወጣ ለማየት ከሥራ በፊት ሎንግ ቢች ደርሼ የተመለስኩበት ቀን አለ። ሰው ምን ይለኛል አላልኩም። ተስፋሁንም ባለ ታክሲ መሆኑን እየረሳው ሄደ፤ ስለ አፈር ሲያወራ ድምፁ ዝቅ ይላል።

እጃችን መጀመሪያ የተያያዘው የት እንደሆነ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ፋንድያና የወጥ ቤት ልጣጭ የምንከምርበት የብስባሽ ክምር ነበረን። «ከውስጥ ይሞቃል፣ ንኪው» አለኝ። እጄን ከተትኩ። እውነትም እንደ ትኩስ ዳቦ ይሞቃል። እሱም ሊያሳየኝ እጁን ከተተ። እዚያ ውስጥ ማንም በማያየው ቦታ ጣቶቻችን ተገናኙና ሁለታችንም አላወጣንም። ከዚያ ቀን በኋላ ፋንድያ አልሸተተኝም።

ለአባባ አልነገርኳቸውም። በዚያን ጊዜ ፓልምስ አብረን ነበር የምንኖረው። ራት ላይ በሳምንት አንዴ አይቀርም፣ ያንኑ ታሪክ ያነሳሉ። መሬቱ የተለካ ቀን እሳቸው አቤት ሊሉ አዲስ አበባ ሄደው ነበር፤ እኔም አዲስ አበባ ተማሪ ቤት ነበርኩ። ግቢው ውስጥ የነበሩት እናቴና ዘበኛው ብቻ ናቸው። አባባ ሲመለሱ በዚያው ታሰሩ፤ እናቴ በዓመቱ ስትሞት መርዶውን የሰሙት እስር ቤት ሆነው ነው። ያዩት ነገር የለም፣ ዘበኛው ግን ነግሯቸዋል።

«አንድ ጎረምሳ ዘማች ነው አሉ፤ በየአምስት ሜትሩ ቀይ ክር የቋጠረበት ገመድ ይዞ! ያለ ካሳ! የአባቴን መሬት ያለ ካሳ ለካብኝ!» ይላሉ። ከዚያ ሁልጊዜ የሚደመድሙት አንድ ነው፤ «ዘማች የሆነ ሰው ደጄን አይረግጥም።»

በዚያ ዘመን ያልዘመተ ተማሪ ማን አለ? ተስፋሁንም እንደዘመተ አውቃለሁ። የት እንደዘመተ ግን ሳልጠይቀው ቀረሁ። እኔ፣ የወተት ካርቶን እንኳ የምጠራጠረው ሴት፣ ይህን አንዱን ጥያቄ ፈራሁት።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አባባ እትዬ አምሳለን አሳዘኗቸው መሰለኝ፣ «ቤት ከሚውሉ ሐሙስ ሐሙስ እኛ ጋ ይምጡ» አሏቸው። አባባ መጥተው ወጥ ቤት ወንበር ይዘው ተቀመጡ። «እስቲ ስጡኝ» ብለው ጎመን መቀንጠስ ጀመሩ፤ ቀኛዝማች ጎመን ሲቀነጥሱ ማየት ከበደኝ። ተስፋሁን የጎመኑን ሳጥን ይዞ ሲገባ እትዬ አምሳለ «ተዋወቁ፣ ቀኛዝማች እንግዳ ናቸው፣ የለተማርያም አባት» አሉት። ተስፋሁን ሳጥኑን ከእጁ ጣለው። ሻዩን ሳይጠጣ፣ ባዶ ሳጥኖቹን ሳይወስድ፣ ሩጫ በሚመስል እርምጃ ወጣ።

ናቃቸው ብዬ ጠረጠርኩ። ባላባት ስለሆኑ ይሆን አልኩ። ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ስለ ትል ብቻ አወራኝ፤ ዓይኔን አላየም። ከዚያ በኋላ በመጣው ቅዳሜ ግን እንደ ልማዴ ዳቦና ሻይ ይዤ ስደርስ አቀፈኝ። እንባው አንገቴ ላይ ወረደ። «አመሰግንሻለሁ» አለኝ። «ለዳቦ?» አልኩት፤ ሳቀ። «መስከረም ሳያልቅ ሽማግሌ ልላክ?» አለኝ። እሺ አልኩ። በዕድሜዬ አንድ ቀን ሳልጠራጠር ብውል በዚያው ቀን ጉድ ሆንኩ።

ለአባባ ነገርኳቸው። «ጎመን የሚያመጣው ልጅ ነው። ለሚመጣው እሁድ ሽማግሌ ይልካል» አልኩ፣ ዓይኔን ጠረጴዛው ላይ ተክዬ።

ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ እጃቸውን ከገበታው አነሱ። «የት ነው የዘመተው?» አሉ።

«አልጠየቅሁትም።»

«አልጠየቅሽም?» ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺ? ሳትጠይቂ?»

አስተያየታቸው አላማረኝም። የምደብቀው ያለ መስሏቸው ነበር፤ እኔ ደግሞ እሳቸው የሚደብቁት ያለ መሰለኝ። አባትና ልጅ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተጠራጥረን ራታችን ቀዘቀዘ።

በማግስቱ ቅዳሜ ሎንግ ቢች ስደርስ ተስፋሁን ቦታውን ሊያሰፋ አዲስ መደብ እያወጣ ነበር። ሁለት ችካል ተክሎ በመሐላቸው ገመድ ወጥሯል። ገመዱ አሮጌ ነው። ላዩ ላይ፣ በየአምስት ሜትሩ፣ ቀይ ክር ተቋጥሯል።

ቀይ ክሩን በጣቴ ነካሁት።

«የት ነው የዘመትከው?» አልኩት።

ፈገግ አለ፤ ፈገግታው እስካሁን ይታየኛል። «ጽፌልሽ የለ እንዴ ለቴ። ገመዱንም ያወጣሁት ለዚያ ነው፤ ከእንግዲህ የምደብቅሽ የለኝም ብዬ። የሱዳንን በረሃ ሳቋርጥ መኝታዬን ያሰርኩበት ነው፣ መጣል አቃተኝ።»

«ምን ብለህ ነው የጻፍክልኝ?»

ፈገግታው ጠፋ። «ደብዳቤው። የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ሐሙስ፣ እቅፉ ውስጥ። አንብበሽ ነው እኮ ቅዳሜ የመጣሽው፣ ዳቦ ይዘሽ።»

«ምንም ደብዳቤ አላገኘሁም።»

ሁለታችንም ገመዱን አየነው። እሱ ከዚህ፣ እኔ ከዚያ ቆመን። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ፤ የወደቀው ሳጥን፣ ያልተጠጣው ሻይ፣ እንባው፣ «አመሰግንሻለሁ» ያለኝ።

«ሞጆ ነው አይደል?» አልኩት። «የአባቴን መሬት የለካኸው አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ።»

«ስለዚህ ነው የወደድከኝ? ሲቆጭህ ኖሮ? የአባቴ መሬት ያለ ካሳ ስለሄደ እኔን ልታገባ? እኔ ካሳ ነኝ?» ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ።

«ለቴ፣ የማን ልጅ እንደሆንሽ ያወቅሁት አባትሽ ወጥ ቤት የተቀመጡ ቀን ነው። ሳጥኑ ሲወድቅ አይተሽኛል። ከዚያ በፊት ስንት ወር ወድጄሻለሁ?» ወደ እኔ ሊመጣ ፈለገና ገመዱ ጋ ቆመ። «ካሳ ልክፈል ብል ለአባትሽ የሆነ ነገር እሰጣቸው ነበር እንጂ፣ የቀረቻቸውን አንዲት ልጅ ልወስድባቸው እመጣ ነበር?»

እውነት ነው ብዬ ማመን ፈልጌ ነበር፤ ግን ማመን አልተማርኩም። «እሁድ ሽማግሌ እንዳትልክ» ብዬው ሄድኩ። በመስታወቴ ሳየው እዚያው ገመዱ አጠገብ ቆሟል። ካርሰን እስክደርስ አለቀስኩ።

ያን ሳምንት ሁሉንም ሰው ጠረጠርኩ። ደብዳቤውን ማን ወሰደው? ጌታሁን ይሆን፣ ለወሬው? እትዬ አምሳለ ይሆኑ? ወይስ የተጻፈ ደብዳቤም የለም? ይህ የመጨረሻው ከሁሉ በላይ አሳመመኝ።

ሐሙስ ስንገባ ጎመኑ በጓሮው በር ተቀምጦ አገኘነው። ተስፋሁን በሌሊት አኑሮት ሄዷል። አባባ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ። እኔ ምድጃው ጋ ሆኜ ሽንኩርት አቁላላለሁ፤ ለምን እንደዞርኩ አላውቅም፣ ዞርኩ።

አባባ አንዱን እቅፍ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሲባጎውን ቀስ ብለው ፈቱት። አልቀነጠሱም። በጣታቸው ቅጠሉን አንድ በአንድ እየገለጡ መሐሉን ዳበሱ። አስቀመጡትና ሁለተኛውን ፈቱ። እንደዚያው ዳበሱት። ከዚያ ሦስተኛውን።

«አባባ፣ ምን እየፈለጉ ነው?»

ደነገጡ። ከዚያ በዝግታ «ሌላ ካለ ብዬ ነው» አሉ።

ሽንኩርቱ አረረ። እትዬ አምሳለ መጥተው ምድጃውን አጠፉልኝ።

አባባ እጃቸውን ወደ ኮት ኪሳቸው ሰደዱና፣ ከመታጠፍ ብዛት ጠርዙ የተበላ ወረቀት አወጡ። «ያንቺ ነው። መስጠት ነበረብኝ» አሉ። «ጮክ ብለሽ አንብቢው።»

«ለቴ፣ ይህን ፊት ለፊት ልነግርሽ ሞክሬ ስለ ትል አወራሁሽ። ባለፈው ሐሙስ የአባትሽን ስም ስሰማ አወቅሁት። በስልሳ ሰባት የዘመትኩት ሞጆ ነው። በእናንተ መሬት ላይ ገመድ የጣልኩት እኔ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ትክክል ነው ብዬ አምኜ ነበር፤ አሁንም ጭሰኛው መሬት ማግኘቱ ስሕተት ነው አልልሽም፣ እንዳልዋሽሽ። የማይረሳኝ ግን ሌላ ነው። ከቤቱ ኋላ ጓሮው ጋ ስንደርስ አንዲት ሴት ጎንበስ ብለው ጎመን ሲኮተኩቱ አገኘሁ። እናትሽ ነበሩ። ቀና ብለው አዩኝ። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ። ‹ልጄ፣ ገመዱን ከፍ አድርግልኝ፣ ችግኙን እንዳይሰብርብኝ› አሉኝ። ከፍ አደረግሁት። ጓሮውን ሳልለካ አለፍኩ፤ መዝገብ ላይ ‹ድንጋያማ› ብዬ ጻፍኩበት። መሬት ላራሹ እያልኩ ሁለት ዓመት ጮኼ፣ በዚያ ግቢ ውስጥ ሲያርሱ ያገኘኋቸው ሰው የባላባቱ ሚስት ነበሩ። ሎንግ ቢች ላይ መሬት ስከራይ በልቤ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ልጃቸውን እንደምወድ ግን አላውቅም ነበር። ይህን አንብበሽ ቅዳሜ ከመጣሽ ይቅር እንዳልሽኝ ይገባኛል። ከቀረሽም ይገባኛል።»

ወረቀቱን እንደያዝኩ ቀረሁ። እናቴ። በአሥራ ሦስት ዓመቴ የሞተችብኝ እናቴ፣ ጎመን ውስጥ ተጠቅልላ መጣች።

«ስትኮተኩት አንድም ቀን አይቻት አላውቅም» አሉ አባባ። «ጎመኑ ገበታ ላይ ሲቀርብ እበላለሁ። ከየት ነው የምታመጪው ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ሰውን ሁሉ የምጠይቅ ሰው እሷን አልጠየቅሁም።» የፈቱትን እቅፍ መልሰው ሰበሰቡ። «መሬቴን የለካውን ሰው አሥራ ሦስት ዓመት ስፈልገው ኖርኩ። አገኘሁት። ልጠላው ወረቀቱን በከፈትኩ ቁጥር እሷ ጓሮ ውስጥ ቀና ትላለች። ድምጿ ጠፍቶኝ ነበር እኮ ልጄ። ይሄ ልጅ ድምጿን አመጣልኝ።»

አባቴ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ያዝኩ፤ ቀሚሴ ላይ የጎመን ቅጠል ተበተነ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሦስታችንም አንዲትን ሴት ስንናፍቅ እንደኖርን አላወቅሁም ነበር።

«ቅዳሜ ውሰጂኝ» አሉኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ጎመኑ ያለበት።»

«በስንት ሰዓት?»

«በአንድ ሰዓት።»

«በየትኛው አንድ ሰዓት አባባ?»

«በእናትሽ» አሉ።

ቅዳሜ ልክ በሰቨን ደረስን። ጭጋጉ ከባሕሩ በኩል ገና አልተነሳም፤ ምሰሶዎቹ ከወገባቸው በላይ አይታዩም። ተስፋሁን በአዲሱ መደብ ላይ ችግኝ አፍልሶ፣ ለሚቀጥለው መስመር ገመዱን ሊወጥር አንዱን ጫፍ ይዞ ጎንበስ ብሏል። የዳትሰኔን በር ሲሰማ ቀና አለ። መጀመሪያ እኔን አየ። ከዚያ ከኋላዬ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ የሚወርዱትን አባባን አየ።

ገመዱ ከእጁ ላልቶ ችግኙ ላይ ተኛ። ተስፋሁን ከቆመበት አልተነቃነቀም። ምን ሊሉት እንደሚችሉ እያሰበ ነበር፤ እኔም እያሰብኩ ነበር። አባባ የሽቦውን በር ከፈቱ። ከዘራቸውን አጥሩ ላይ አስደገፉት። በመደቦቹ መሐል፣ ጫማቸው አፈር ውስጥ እየሰጠመ፣ ቀስ ብለው እስከ ወዲያኛው ችካል ሄዱ። በሕይወታቸው ለመሬት ጎንበስ ያላሉት ሰውዬ፣ ወገባቸውን ይዘው፣ አንድ ጉልበታቸውን አፈሩ ላይ አደረጉና የገመዱን ጫፍ አነሱ።

«ከፍ አድርገው እንጂ ልጄ» አሉት። «ችግኙን ትሰብረዋለህ።»

ተስፋሁን ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የራሱን ጫፍ ከፍ አደረገው። ቀያዮቹ ክሮች ከችግኙ በላይ ተነሱ። እኔ ከመሐል ገብቼ ገመዱን በሁለት እጄ ያዝኩት። ሁለቱም ሲስቡት፣ ሁለቱም ሲያነሱት፣ መዳፌ ውስጥ ይሰማኛል። ነገ እሁድ ነው፣ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ ወይ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። ያን ጠዋት ምንም አልጠረጠርኩም።